በመስኮቱ ጠርዝ ላይ ያለው ቀለም

ይድረስ ለዓይኔ አበባ ልጄ፤ እንዴት ከርመሻል? እኛ ከናፍቆትሽ በቀር ደህና ነን።

እናትሽ አንዱን ነገር ሁለት አድርጋ እያየች ብትቸገር፣ ሐኪሙ ፕሪዝም ያለበት መነጽር አዘዘላት። አድርጋው ወደ መስኮቱ ዞር ስትል፣ “አንተ! ጠርዙን ማነው ቀለም የቀባው?” አለችኝ። በአንዱ ጫፍ ቀይና ቢጫ፣ በሌላው ሰማያዊ ታያት። ጡረታ ብወጣም አስተማሪ አይደለሁ? “ፕሪዝም ብርሃንን ይበትናል። መሃል ላይ ቀለማቱ ተደራርበው ነጭ ይሆናሉ፤ ብርሃንና ጨለማ በሚዋሰኑበት ግን ይለያያሉ” አልኳት። ደስ አላት። በማግስቱም ይህንኑ ጠየቀችኝ፣ በሦስተኛውም ቀን። እንደ አዲስ አስረዳኋት።

ትናንት በጥሞና ሰማችኝና፣ “ጥሩ አድርገው ያስረዳሉ፤ ሚስት አለዎት?” ብላ ጠየቀችኝ።

“አለችኝ” አልኳት።

ፎቶሽን ላኪልን። ከጀርባው ስምሽን በትልቁ ጻፊበት።

በሰላም ያገናኘን።
አባትሽ