በስምህ የገባው ሰው

ውድ ወንድሜ ኒቆዲሞስ፣

ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? ባለቤትህ ሶፊስ እንዴት ናት፣ ያ ወገቧ ተሻላት? ልጃችሁ ዳጊስ ትምህርት ቤቱን ለመደው? የጅቡቲ ሙቀት የእኛን ድሬ ያስመሰግናል ሲሉ ስለምሰማ እንዴት እንደያዛችሁ ሳስብ እውላለሁ። እኛ ፈጣሪ ይመስገን በአካል ደህና ነን። እማማ ጉልበቷን ያማታል እንጂ ወዲያ ወዲህ ትላለች። አባባም ፀሐይ በረድ ሲል ከዚራ ሰፈር ዛፎቹ ሥር ከባቡር ጡረተኛ ጓደኞቹ ጋር ካርታውን ይጫወታል። ሰላም ያጣው የእኔ ልብ ብቻ ነው።

በዚህ የስልክ ዘመን ወረቀት ስልክልህ ግራ ይገባሃል። ሰኞ ደውዬ ስለ ላፕቶፕህ ጠይቄህ፣ ወዲያው ወሬ ቀይሬ ስዘጋብህም ሳትታዘበኝ አልቀረህም። ምክንያቱን አሁን እነግርሃለሁ። ይህን የሚያደርስልህ የድርጅታችን የጭነት መኪና ሾፌር ዐብዱላሂ ነው፤ በእጅህ ካልሆነ ለማንም እንዳይሰጥ አደራ ብዬዋለሁ።

ሰኞ ለምሳ ወጥተን ነበር። በዚያ ሰዓት ድሬ ላይ ሱቁም ቢሮውም ተዘግቶ ባጃጁ እንኳ ጥላ ፈልጎ እንደሚቆም ታውቃለህ። ስመለስ ወደ ሰርቨሮቹ ማን እንደገባ የሚያሳየውን መዝገብ ከፈትኩ፤ ማንም በሌለበት በአንተ የመግቢያ ቁልፍ የገባ ሰው አለ። መጀመሪያ ደስ አለኝ። ሥራውን ለእኔ ትተህ ከሄድክ ወዲህ ስንቸገር ከሩቅ ገብተህ ታቃናልን የለ? ሥራ አስኪያጃችን አብዱሰመድም የኒቆ ቁልፍ ባለበት ይቆይ ያለው ለዚሁ ነው። ሳይነግረኝ ሊያግዘኝ ገባ ብዬ ብቻዬን ሳቅኩ። ኋላ የመጣበትን አድራሻ ሳየው የጅቡቲ አይደለም፤ የማላውቀው ሩቅ አገር ነው። የበረበረውም የደንበኞቻችን የጉምሩክ ሰነድ የተቀመጠበትን ነው። ሲወጣ ደግሞ ከመዝገቡ ከፊሉን አጥፍቷል። አንተ መዝገብ አታጠፋም።

ያኔ ነው የደወልኩልህ። ስክሪኑ ተሰብሮብህ ወደቡ አጠገብ ላለ ጠጋኝ ሰጥተኸው እንደሰነበተ፣ አሁን ግን ተሠርቶ እንደተመለሰልህ እየሳቅህ ነገርከኝ። ቁልፍ የምንለው ያ ፋይል ያለ ይለፍ ቃል እዚያው ላፕቶፕ ላይ እንደተቀመጠ ያኔ ትዝ አለኝ። ፋይሉን የገለበጠ ሰው ለሰርቨሩ ያው አንተ ማለት ነው። ቴሌግራም እንዳልጽፍልህ ላፕቶፑ ላይም ስለሚከፈት ሌላ ዓይን ያነበው ይሆናል። በስልክ እንዳልነግርህ ደግሞ አውቅሃለሁ፤ ደንግጠህ ስልኩን ሳትዘጋ ላፕቶፑን ከፍተህ ማጽዳት ትጀምራለህ። ያጸዳኸው ቀን ንጹሕ መሆንህን የሚያሳይልን ነገርም አብሮ ይጠፋል።

ቁልፍህን ከሦስቱም ሰርቨሮች ላይ ሰረዝኩት። ወንድሜን ከደጅ አስቀርቼ በር የዘጋሁ ያህል ተሰማኝ። ልነሳ ስል ልቤ እንቢ አለኝና እንደገና ባየው፣ የእኔን ስም የያዘ፣ እኔ ግን ያላስገባሁት ሌላ ቁልፍ ተሰክቷል። ሰውየው የአንተ ሲዘጋበት በእኔ ስም ሊመለስ አዘጋጅቶታል። ከዚያ በኋላ ማንን ልመን? ሰርቨሮቹን ከኢንተርኔት ነቅዬ የሁላችንንም ቁልፍ አጠፋሁ። እስከ ሐሙስ ሥራው ሁሉ በወረቀት ሆነ፤ መኪኖቹ ሰነድ አጥተው ከከተማው ወጣ ብሎ መልካ ጀብዱ ላይ በፀሐይ ቆሙ፣ የደንበኛው ጩኸት ሁሉ እኔ ላይ ወረደ።

ማክሰኞ ጠዋት አብዱሰመድ እኔንና ሒሳብ ሹሙን ፋራህን ጠራን። «ቁልፉ ላይ ያለው ስም የማን ነው?» አለኝ። የወንድሜ ነው አልኩት። «ታዲያ ለፖሊስ የማንን ስም ልስጥ?» አለ። ፋራህ «አቦ፣ ኒቆ እኮ የእኛ ልጅ ነው፤ ከልጆቼ ጋር ከአንድ ሳህን በልቶ ነው ያደገው» ቢለው፣ እሱም «እኔስ መቼ ጠላሁት? ደንበኞቹ ሰነዳችንን ማን አየው ሲሉኝ ግን ምን ልመልስ?» አለና ወደ እኔ ዞረ። ትምያለሽ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ለወንድሜ እምላለሁ፣ ለላፕቶፑ ግን አልምልም አልኩት።

ኒቆዬ፣ ከአንተ መደበቅ አይሆንልኝም። ትምያለሽ ወይ ብሎ ሲጠይቀኝ፣ «ቢሆንስ?» የሚል ሐሳብ በውስጤ አለፈ። ጅቡቲ ላይ የቸገረህ፣ ለእኛ ያልነገርከን ነገር ይኖር ይሆን ብዬ አሰብኩ። ወዲያው አፈርኩ፤ ሐሳቡ ግን እስከ ዛሬ እንቅልፍ ነስቶኛል።

መጨረሻ ላይ አብዱሰመድ ማንነቱ ያልታወቀ ሰው እንደገባብን ለፖሊስ አመለከተ፣ ስምህን ግን ለጊዜው ሳይሰጥ ያዘው። ዐብዱላሂ ላፕቶፑን ይዞ ከመጣ ባለሙያ ከአዲስ አበባ አስመጥቶ እኔ ባለሁበት ያስመረምረዋል። ካልመጣ ስምህን እንደሚሰጥ ነግሮኛል። ስለዚህ አትክፈተው፣ አንድ ነገር አትሰርዝበት፣ እንዳለ ስጠው። የባንክህንም የሌላውንም ይለፍ ቃል በሶፊ ስልክ ቀይር። ጠጋኙ ዘንድ ሄደህ እንዳትጣላ፤ ስሙንና ሱቁን ብቻ ጻፍልኝ። ምናልባት እሱም የሚያውቀው ነገር የለም።

እኛ ጋ አሁን የየሰዉ ቁልፍ ይለፍ ቃል አለው፣ ከቢሮው ውጭም አይከፍትም። ለአንተ አዲስ አልሰጥህም፤ ብትለምነኝም አልሰጥህም። ሰውየው ምን ያህል ሰነድ እንደወሰደ እስካሁን አናውቅም፤ ስልክ በጮኸ ቁጥር ሰነዱ አደባባይ ወጣ እላለሁ።

ለእማማና ለአባባ አልነገርኩም። እማማ ግን ሐሙስ ከሚካኤል ስትመለስ፣ ኒቆን ያመመው ነገር አለ ወይ ብላ ፊቴን አየችው። ደህና ነው አልኳት፣ አላመነችኝም። ደብዳቤው ሲደርስህ ለእሷ ደውልና ድምፅህን አሰማት።

እማማ ሁለት ጉንጭህን ትስማለች። አባባ ለዳጊ ምርቃቱን ልኳል። ፋራህና ባለቤቱ ናዲፋ እጅግ አድርገው ሰላም ብለውሃል። ሶፊን አቅፈህ ሳምልኝ፣ ዳጊን ግንባሩን።

ዐብዱላሂ ማክሰኞ ይመለሳል። ቢሮው በር ላይ ቆሜ እጠብቀዋለሁ፤ አብዱሰመድም አብሬሽ እቆማለሁ ብሎኛል።

እህትህ ዮርዲ
ድሬዳዋ፣ ሰኔ 14 ቀን 2017 ዓ.ም.