የወፍራሟ ሴትዮ መድህን

ሰኞ፣ መጋቢት 11 ቀን 2009፣ ጠዋት 1፡30

ቁርስ፦ ግማሽ እንቁላል። ውሃ ሁለት ጉንጭ። ከዚያ በላይ አልወርድ አለኝ።

አዎ፣ ጾም ነው። የንስሐ አባቴ ፈቅደውልኛል። ከአንቺ ከደብተሬ ሌላ ለማንም አላስረዳም፤ ሰልችቶኛል። ጓዳ ተደብቄ ነው የምበላው። ምግብ ቤት ያላት ሴት ተደብቃ ስትበላ አይተሽ ታውቂያለሽ?

የእግሬ ጣቶች ዛሬም ደንዝዘዋል። ትናንት የፈላ ሽሮ ፈሶብኝ አልተሰማኝም። ቆዳው ሲላጥ ነው ያየሁት። ፈራሁ። ጨጓራዬን ካስቆረጥኩ ስምንት ወር ሆነኝ። አዲስ አበባ ኦፕራሲዮን ያደረገኝ ዶ/ር በየሦስት ወሩ ደምሽ ይታይ፣ የቫይታሚን መርፌ ካልተወጋሽ ነርቭሽ ይጎዳል ብሎኝ ነበር። አንዴ ብቻ ሄድኩ። የኦፕራሲዮኑን ወንድሜ ከፈለልኝ፤ አሁን ደግሞ የመርፌውንም ክፈል አልለውም። ጤና መድህን አለኝ አይደል? አራት ዓመት ሙሉ አባል ነኝ፤ አንድ ቀን ታክሜበት አላውቅም።

ረቡዕ 13፣ ከሰዓት

ጤ/ጣቢያ ሄድኩ። ነርሷ እግሬን በመርፌ ጫፍ ነካክታ ፊቷ ተለወጠ። እዚህ አይሆንም፣ ደብረ ብርሃን ሂጂ ብላ ሪፈር ጻፈችልኝ። የቀረኝ የመድህን ቢሮ ማህተም ብቻ።

መስኮቱ ላይ አቶ ሞላ፤ ከሌላ ወረዳ በቅርቡ የተዛወረ። የመድህን ደብተሬን ገለጠ። ፎቶውን አየ፣ እኔን አየ። የደብተሩ ባለቤት ራሷ ትምጣ አለኝ። እኔ ነኝ አልኩ። ሳቀ። በሰው ደብተር መታከም ያስጠይቃል አለኝ፣ ያ ሁሉ ወረፋ እየሰማ። ፎቶው ላይ 138 ኪ.ግ ነበርኩ፤ ጉንጬ ዓይኔን ውጦታል። አሁን 81። ሌባ ተባልኩ በቃ፣ በገዛ ስሜ።

ከኋላዬ ሁለት ሴቶች ተንሾካሾኩ። የሚሉትን አውቀዋለሁ። በዚህ የሹፌር መንገድ ላይ ምግብ ቤት ያላት ሴት ከከሳች ያ በሽታ ይዟት ነው የሚባለው። ይበሉ።

ሐሙስ 14

ጎረቤቴን እትዬ ዘነበችን ለምስክርነት ይዤ ተመለስኩ። ከልጅነቴ ያውቁኛል። ይቺ እኮ ስትወርድ ባጃጁ ቀና ይል ነበር አሉት። ሌላ ቀን ቢሆን እስቅ ነበር። የቃል ምስክር አይበቃም፣ ወረቀት አምጪ አለ። እኔ ቂሏ ቤት ሮጬ የኦፕራሲዮኑን ወረቀት አመጣሁ። ቀኑ አለበት፣ የድሮው ኪሎዬ አለበት። በኩራት ዘረጋሁለት።

ደጋግሞ አነበበ። አዎ፣ አንቺው ነሽ አለ። ከዚያ ከመሳቢያው መመሪያ አወጣ። ክብደት ለመቀነስ የተደረገ ኦፕራሲዮን የቁንጅና ነው፤ እሱን ተከትሎ የሚመጣውም አይሸፈንም ብሎ አነበበልኝ።

ቁንጅና! ስኳሬ አልወርድ ብሎ፣ ጉልበቴ አልሸከምሽ ብሎኝ፣ ትንፋሽ እያጠረኝ ቁጭ ብዬ ሳድር የት ነበር ቁንጅናው? ትናንት አይደለሽም ብሎ ከለከለኝ፤ ዛሬ ነሽ ብሎ ከለከለኝ። እትዬ ዘነበች ጎትተው ባያወጡኝ ያንን መስኮት እሰብረው ነበር። ደሜ እስካሁን ይፈላል።

ማክሰኞ 19

ምሳ፦ አልበላሁም። ቀኝ ጫማዬ ወልቆ ሳላውቅ ስሄድ ነበር፣ በዚያ በሚፋጅ አስፋልት። ባጃጅ ነጂ ነው ጠርቶ የነገረኝ። ተረከዜ ውሃ ቋጥሯል።

ነርሷ መከልከሌን ሰምታ እቤቴ ድረስ መጣች። መከረችኝ። አዲስ ፎቶ ልነሳ፣ ቀበሌ ያረጋግጥልኝ። እሷ አዲስ ሪፈር ትጽፋለች፦ ምክንያቱ ያልታወቀ የእግር መደንዘዝ። ኦፕራሲዮን የሚል ቃል አይገባበትም። መደንዘዝ ይሸፈናል። አርብ አርብ ደግሞ መስኮቱ ላይ የምትቀመጠው ሌላ ሴት ናት።

መርቄ ሸኘኋት። ከዚያ ሳስበው ነደድኩ። ጨጓራዬ መቆረጡን ያላወቀ ሐኪም ምኔን ያክመኛል? የስኳር ነው ብሎ ክኒን አሸክሞ ይመልሰኛል፤ እግሬ በዚያው ይቀራል። እውነቱን ካልኩ ማህተም የለም፤ ከዋሸሁ ሕክምናው ከንቱ። ይህን መመሪያ የጻፈው ሰው እግሩ የሚሰማው ነው።

ማክሰኞ 26፣ ጠዋት 12፡30

ማህተሙ ተመቷል። አርብ ዕለት፣ ሴትዮዋ ቀና ብላ እንኳ ሳታየኝ። ዋሽቼ ነው ያገኘሁት። ለንስሐ አባቴ እናገራለሁ፤ አቶ ሞላን ግን አላፍረውም።

ሚኒባሱ እየሞላ ነው፤ ጭኔ ላይ አድርጌ ነው የምጽፍልሽ። ጣርማ በር ተራራው ላይ ይበርደኛል፤ ድሮ ስብ ነበረኝ። ጋቢ ይዣለሁ።

የኦፕራሲዮኑ ወረቀት ቦርሳዬ ውስጥ አለ። ወስኛለሁ። ዶ/ሩ በሩን እንደዘጋ አወጣለታለሁ። ሆዴንም ገልጬ የተቆረጥኩበትን አሳየዋለሁ። ካርዴ ላይ ጻፈው እለዋለሁ፣ አንድ ነገር ሳታስቀር። ከዚያ አቶ ሞላ ካርዱን ያንብብና ይምጣ፤ የተወጋሁትን መርፌ ከክንዴ መጦ ያውጣ።