በመኪናችሁ ጀርባ ያሉት ሁለት ስሞች

ኩበር ፒዲ፣ ሐሙስ ጠዋት

ለታላቅ እህቴ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽስ እንዴት አደረገሽ? ሐኪሙ ያዘዘልሽን እንቅስቃሴ እንደማትሠሪ ስለማውቅ እሱን ዘልዬዋለሁ። ውሻሽ የጎረቤት ዶሮ ማሳደዱን ተወ ወይ? ቤንዲጎ ብርዱ ወጣላችሁ? እኔ ደህና ነኝ። ክላይቭም በጤናው ደህና ነው። በጤናው ያልኩት አውቄ ነው፤ ሌላውን እደርስበታለሁ።

ካትሪን ከተማ ፖስታ ቤት የላክሽልኝ ደብዳቤ ደርሶኛል። ሦስት ጊዜ አነበብኩት፤ ሦስት ጊዜም መልስ ልጽፍ ተቀምጬ ተነሣሁ። ምን ላድርግ፣ መቀመጥ አልሆንልሽ ብሎኛል። በዚህ ሰባት ወር አንድ ቦታ ከሁለት ሌሊት በላይ አድረን አናውቅም፤ ጥፋቱም የኔ ነው። ክላይቭ ታጣፊ ወንበሩን ዘርግቶ ጫማውን ሳያወልቅ እኔ ሳህኑን አጥቤ፣ ቁም ሣጥኑን ቆልፌ፣ ካርታውን ገልጬ እጠብቀዋለሁ። «አንቺ ሴትዮ፣ ባሕሩ እኮ አይሸሽም፣ ትንሽ እንየው» ይለኛል። እኔ ግን ጎማው ካልዞረ ደረቴ ላይ አንድ ነገር ይቀመጥብኛል።

አሁን ግን እዚህ አቧራ ላይ አራተኛ ቀናችን ነው። ክላይቭ ቁልፉን ኪሱ ከቶ፣ ለእህትሽ የሚጻፈውን ሳትጽፊ ይህ ሞተር አይነሣም ብሎኛል። ካልጻፍኩ እሱ በአውቶቡስ ዋያላ የሚኖረው ወንድሙ ዘንድ ይሄዳል፤ እኔ መኪናዋን ይዤ ወዳሻኝ መሄድ እችላለሁ። ቀልድ እንዳይመስልሽ። አርባ አንድ ዓመት አብሬው ስኖር እንዲህ ቆርጦ ሲናገር የሰማሁት ሁለቴ ነው፤ አንደኛው ሲጋራ የተወ ቀን ነበር። ሲጋራውን ደግሞ ዳግም አልነካውም።

እንግዲህ ልጻፈው። ኔቭ ካረፈ በኋላ፣ ግቢዬ ውስጥ ቆማ ማየት አልቻልኩም ብለሽ ያቺን አልጋና ምድጃ ያላት መኪናችሁን ስትሰጪን፣ አገሩን ዙሩና መልሱልኝ ነበር ያልሽን። በጀርባዋ የሁለታችሁ ስም አለ። ኔቭ የሥጋ ቤታችሁን መስኮት በሚጽፍበት ብሩሽ፣ በዚያ ወደ ቀኝ ጋደል በሚለው ሰማያዊ ፊደሉ የጻፈው፤ ከሥሩ ደግሞ መንገደኛ የሚጠራችሁበት የመገናኛ ሬዲዮው ቻናል ቁጥር። ክላይቭ ከመነሣታችን በፊት ነጭ ቀለም ገዝቶ ነበር፤ ሸፍኖት የኛን ሊጽፍ። እኔ ዝናብ ሊመጣ ነው አልኩት። ሆርሻም ስንደርስ ነፋስ አለ አልኩት። ናላርቦር በረሃ ላይ ፀሐዩ ቀለሙን ያፈላዋል አልኩት። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፣ መኪናም እንደዚያው ነው ብዬ ሳቅሁበት። ቀለሙ እዚያው ጣሳው ውስጥ ደረቀ።

መንገደኛ ሰውን የሚጠራው መኪናው ጀርባ ላይ ባነበበው ስም ነው፤ ይህን አንቺ ከኔ በላይ ታውቂዋለሽ። ገና ፖርት ኦገስታ ሳንደርስ ከኋላችን የሚነዳ አንድ ሰው በሬዲዮ፣ ኔቭ ወዳጄ፣ የበርህን መወጣጫ ሳታጥፍ ነው የምትሄደው አለ። ክላይቭ አመስግኖ፣ ቆሞ አጠፈው። በየካምፑም አሥራ አንድ ሰዓት ሲል ሰዉ ሁሉ ወንበሩንና መጠጡን ይዞ ክብ ሲሠራ፣ ኔቭ የትኛው ነው ይባላል። መጀመሪያ ላይ ክላይቭ እውነቱን ይናገር ነበር። ኔቭ የባለቤቴ እህት ባል ነው፣ በካንሰር ሞተ ይላል። ከዚያ አንዱ ይቅርታ ይጠይቃል፣ አንዷ የባሏን እጅ ትይዛለች፣ ቢራው እጃችን ላይ ይሞቃል። ሦስት ጊዜ እንዲህ ሆነ። በአራተኛው ስትሪኪ ቤይ ላይ አንድ ሽማግሌ ክላይቭን ኔቭ አንተ ነህ ሲለው፣ እሱ አፉን ሳይከፍት እኔ ቀድሜ ሁለቱን ስሞች እያሳየሁ «አዎ፣ እሱ ነው። እኔም እሷ ነኝ» አልኩ።

እኔ ነኝ ያልኩት። ክላይቭ ዞር ብሎ አየኝ፣ ከዚያ ትከሻውን ሰብቆ ጠጣ።

ከዚያ ወዲያ ነገሩ ሁሉ ቀለለ። አልዋሽሽም፣ ደስ አለኝ። ክላይቭ ሠላሳ ስምንት ዓመት ባቡር ሲጠግን በቀን ከአሥር ቃል በላይ ያልወጣው ሰው፣ ኔቭ ሲሉት ጊዜ አፉ ተፈታ። የመኪናዋን የሽንት ቤት ሣጥን ሊደፋ ሲሄድ እንኳ «መንገድ ልቀቁ፣ የመንግሥት ጉዳይ ነው» እያለ ካምፑን በሳቅ ይፈጀዋል። ብሩም የምትባለው የባሕር ዳር ከተማ ላይ ሱሪውን ሰብስቦ አሸዋው ላይ ጨፈረ፤ እኔም አብሬው። ሰዉ ያንቺን ስም እየጠራ አጨበጨበልኝ። አንቺ ስትገቢ ቤቱ ይሞላል፤ እኔ ስገባ ማን ገባ እንኳ ሳይባል ነው ዕድሜዬን የጨረስኩት። እነዚህን ወራት ግን ሰው ተነሥቶ ወንበር ለቀቀልኝ። ጠዋት ጠዋት ክላይቭ ሻይ ሲያፈላ እኔ እርጥብ ጨርቅ ይዤ በኋላ በኩል እዞርና ስሙን ከአቧራ አጸዳ ነበር። ሰው እንዲያነበው ነው እል ነበር።

ካትሪን ላይ ግን ራይሊንና ሌስ የሚባሉ ባልና ሚስት ገጠሙን። አንቺ ጉልበትሽን ቀዶ ጥገና ተደርገሽ በተኛሽበት ሰሞን፣ ኔቭ ብቻውን ዓሣ ሊያጠምድ ኤቹካ ሄዶ አልነበር? ያኔ አብረውት ሰፍረው የነበሩ ናቸው። አንቺን አይተውሽ አያውቁም፤ ስምሽን ከመኪናዋ ጀርባ ነው የሚያውቁት። ራይሊን ከካምፑ ማዶ መኪናዋን ስታይ የታጠበ ልብሷን ቅርጫት መሬት ላይ ጥላ፣ «ኔቭ፣ አንተ ሚዛን አጭበርባሪ፣ አለህልኝ ወይ» እያለች መጣች። ክላይቭ ከሞተሩ ላይ ቀና ሲል ፊቱን አይታ ባለችበት ቀረች። ክላይቭም ቀልዱን ትቶ፣ ባርኔጣውን አውልቆ፣ ኔቭ ካረፈ ዓመት ሊሞላው መሆኑን ነገራት።

እኔ የመኪናዋ በር ላይ ቆሜ ነበር። ምን እንደነካኝ አላውቅም። ራይሊን አለቀሰች፤ እኔ ግን ከሷ ባስሁ። ሌስ ደግፎ አስቀመጠኝ። በቀብሩ ዕለት አንዲት ዘለላ እንባ አልወጣችኝም ነበር እኮ። ያን ቀን እኔ ከአዳራሹ ጓዳ ሆኜ ለለቀስተኛው ሳንድዊች ቅቤ ስቀባ ነው የዋልኩት። ሰዉ ተራ ገብቶ አንቺን ሲያቅፍ በጓዳው መስኮት እያየሁ ዳቦ ቆረጥኩ። እኔን ማን ያቅፈኛል፣ ለምንስ ያቅፈኛል? ካትሪን ላይ ግን ራይሊን አጠገቤ ተንበርክካ አንገቴን ይዛ፣ «የኔ እመቤት፣ እንዴት ያለውን ባል አጣሽ» አለችኝ።

አይደለሁም ማለት ነበረብኝ። አመሰግናለሁ፣ ደግ ሰው ነበር አልኩ።

ከዚያ ራይሊን ወደ ክላይቭ ዞራ የሟች ወንድም ነህ ወይ ብላ ጠየቀችው። ክላይቭ እኔን አየኝ። እንድናገር ጠበቀኝ። እኔ መሬት መሬት ሳይ፣ ዘመድ ነኝ አላት። ሁለት ቀን ሾርባ አመላለሰችልኝ፣ እኔም እየተቀበልኩ በላሁ፤ የገዛ ባሌ ሁለት ቀን ሙሉ ሚስቱን የሚያስተዛዝን ዘመድ ሆኖ ሰነበተ። ይህን ስጽፍልሽ ፊቴ ይቃጠላል። ግን እህቴ፣ እነዚያን ሁለት ቀናት አንድም ጊዜ እንነሣ አላልኩም። ደረቴ ላይ የሚቀመጠው ነገር አልነበረም።

በሦስተኛው ቀን ወደ ኬርንስ መሄዳችን ቀርቶ ክላይቭ መሪውን ወደ ደቡብ፣ ወደ ቤት አዞረው። አልጠየቅሁትም። ቴናንት ክሪክን አልፈን ነዳጅ ስንቀዳ ከመኪናዋ ጀርባ ቆሞ አገኘሁት።

«መኪናዋ ሁለንተናዋ ቀይ አቧራ ነው» አለኝ። «የኔቭን ስም ግን ስታጸጂው ከርመሻል። የእህትሽን ለምን አቧራው ላይ ተውሽው?»

በእህቴ ስም በኩል አቧራው ይበዛል አልኩት። ብታምኚኝም ባታምኚኝም፣ እሱ እስኪያሳየኝ ድረስ እኔም ልብ አላልኩትም ነበር። ባሌ ግን ከብሩም ጀምሮ አይቶት ዝም ብሏል። ስንነዳ ቆይተን፣ ዓይኑን ከመንገዱ ሳያነሣ፣ ኔቭ ያውቅ ነበር ወይ አለኝ። ምኑን አልኩት። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ አሉ። ሁለት መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ነዳ። ከዚያ መኪናዋን ዳር አስይዞ፣ ሻይ ላፍላልሽ ወይ አለኝ።

አንድ ነገር ግን ከልቤ እምልልሻለሁ። ኔቭ አንድም ቀን ክፉ ነገር አላሰበም፣ አልተናገረም። አርባ አራት ዓመት ሙሉ ቅዳሜ ቅዳሜ ሥጋ ቤቱ ስገባ፣ ደንበኛውን ሁሉ እንደሚቀልድበት ቀልዶብኝ፣ የበጉን ኩላሊት እንደምወድ ስለሚያውቅ በወረቀት ለይቶ ጠቅልሎ፣ «ትንሿ፣ እንዴት ነሽ» ይለኝ ነበር። ከዚያ በላይ አንዲት ቃል የለም። ደህና ነኝ እለዋለሁ፣ ያንቺን ደህንነት እጠይቀዋለሁ፣ እወጣለሁ። ይኸው ነው።

እዚህ ላይ ብዕሩን ጥዬ ካምፑን ሦስት ጊዜ ዞሬ መጣሁ። ክላይቭ ከሸራው ጥላ ሥር ሆኖ ስዞር ያየኝ ነበር።

እሱን በድዬዋለሁ፤ ይህን በግልጽ እጽፍልሻለሁ። በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው ስቆለት፣ ሚስቱ ስቃለት፣ ያ ሁሉ በሌላ ሰው ስም መሆኑን ሲያስበው እንዴት የሚሆንበት ይመስልሻል? ትናንት፣ ያን ቀን ብሩም ላይ ከማን ጋር ነው የጨፈርሽው ብሎ ጠየቀኝ። ካንተ ጋር አልኩት። እውነቴን ነው። እውነቴን መሆኑን ግን እሱ በምን ይወቅ? እኔስ ራሴ በምን አውቀዋለሁ እያልኩ ሳስብ አረፈድኩ። ቢተወኝ አልፈርድበትም፤ ግን እንዲተወኝ አልፈልግም። ጠዋት የሻይ ውሃ ጥዶ ወገቡን ይዞ ሲቆም እያየሁት፣ ይህ ሰው ዋያላ ቢሄድ በማን እቆጣለሁ፣ ማንን ተነሥ ተነሥ እላለሁ ብዬ አሰብኩ።

አሁን ፖስታውንና ቴምብሩን ይዞ በሩ ላይ ቆሟል። ላንብበው አላለም።

«ነገርሻት?» አለኝ።

«አልነገርኳትም» አልኩት። «ግን እህቴ ናት፣ ይገባታል።»

ቁልፉን ከኪሱ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። ደብዳቤው ከኛ ቀድሞ መድረስ አለበት፣ ስለዚህ በየቦታው እያደርን ቀስ ብለን ነው የምንሄደው አለ። ሬዲዮውንም እስከ ቤት ድረስ አልከፍተውም አለኝ። እሺ አልኩት። ዋያላን አላነሣም፤ እኔም አላነሣሁም።

እንግዲህ በሚመጣው ሳምንት ዓርብ ገደማ እንደርሳለን። መኪናዋን እንደሰጠሽን እንመልስልሻለን፤ ጀርባዋን አልነካነውም፣ የሚነካውም የማይነካውም ባንቺ ፈቃድ ነው። እኔን የመጣልሽን በይኝ። በር ብትዘጊብኝም ደጅሽ ላይ አልጮኽም። አንድ ነገር ብቻ ልለምንሽ። እሑድ እሑድ ወደ መቃብሩ እንደምትሄጂ አውቃለሁ። ነይ ብለሽኝ ታውቂያለሽ፤ እኔ ራሴን አሞኛል፣ ልብስ አጥባለሁ፣ እንግዳ አለብኝ እያልኩ እስካሁን አንድም ቀን አልሄድኩም። በዚያ እሑድ ይዘሽኝ ሂጂ። አበባውን አንቺ አስቀምጪ፣ ሚስቱ አንቺ ነሽ። እኔ ከኋላሽ እቆማለሁ። ሰው ቢያየን፣ እህቷ ናት፣ ልታጽናናት መጥታ ነው ይላል። ዞር ብለሽ ካላየሽኝ ይበቃኛል።

እግዚአብሔር ጉልበትሽን ያበርታልሽ፣ ሌሊትሽን ያሳጥርልሽ፣ እስክመጣ ድረስ ልብሽን ከኔ አያርቀው።

ታናሽ እህትሽ