የባምላኩ መጋዝ

ልጄ ያምሮት፣ እመብርሃን በሰው አገር ጥላ ከለላ ትሁንሽ። እንደምን ከርመሻል? እኛ ይመስገነው ደህና ነን፤ ላሚቱም ወልዳለች።

ወንድምሽ ባምላኩ ከቡሬ የሞተር መጋዝ ገዝቶ መጣ። ከቤታችን ፊት ያለው ባህር ዛፍ ተነሥቶ ጤፍ ሊዘራበት ነው። እኔ እንደ ወትሮው ሠላሳ ሰው በደቦ የሚቆርጠው መስሎኝ ሁለት ጋን ጠላ ጠምቄ ነበር። ባምላኩ በሸበጥ ሊጀምር ሲል ጮህሁበት፤ ቦቲ አጠለቀ። ከዚያማ ምን ልበልሽ! መጋዙ ሲያጓራ ደረቴ ውስጥ ተሰማኝ። ያ ሁሉ ዛፍ እንደ አገዳ ተጋደመ። ለደቦ የመጡት ሰዎች ምሳራቸውን እንደተሸከሙ አፋቸውን ይዘው ቆመው ቀሩ። ፀሐይ አናት ላይ ሳትደርስ ሥራው አለቀ፤ ጠላውን እያፈሩ ጠጡት።

እኔ ግን ቀና ብል ደነገጥሁ። የሄድሽ ቀን ገና ከደጅ ሳትርቂ ያ ዛፍ ጋርዶሽ ነበር። አሁን የሄድሽበት መንገድ እስከ ኮረብታው ድረስ ወለል ብሎ ይታያል። እግዚኦ! ደጃፌ ላይ ተቀምጬ አየሁት፣ አየሁት።

እግዜር በሰላም ያምጣሽ። አንድ ነገር ብቻ ልለምንሽ፤ ስትመጪ ባጃጁ እስከ ደጅ አያድርስሽ። ኮረብታው ላይ ውረጂና በእግርሽ ነይልኝ፤ መንገዱን ሙሉ ልይሽ።

እናትሽ እንቁ