ጫማ አውልቀው የሚጫወቱት ጨዋታ

ሰኞ፣ ኅዳር 6

ደረጀ በለጠኝ። ገና ውድድሩ ሳይደርስ።

ከሰዓት የቀበሌው መዝናኛ አዳራሽ ስገባ የእሱ የጨዋታ ማሽን ከእኔው አጠገብ ጉብ ብሏል። የእኔ የጣውላ ሳጥን ነው። በየተጫዋቹ በኩል አምስት አምስት የእጅ ባትሪ አምፖል፣ ከየአምፖሉ ሥር አንድ ቁልፍ። መሃሉ ላይ ቁራጭ ቆርቆሮዎች የተመቱበት ክብ እንጨት አለ፤ ሲሊንደር እለዋለሁ። አንድ ሰው ሲያዞረው ቆርቆሮዎቹ ሽቦ እየነኩ አምፖሎቹ በተራ ይበራሉ። የበራው ሳይጠፋ ቁልፉን የተጫነ ደወል ያስደውላል፤ ብዙ ያስደወለ አሸነፈ። ሲሊንደሩ ሲቀየር ጨዋታው ይቀየራል። ከቴክኒክ ትምህርት ቤት ተመርቄ አርባ ምንጭ ከተመለስኩ ጀምሮ ሌላ ሥራ አልሠራሁም።

የደረጀ ደግሞ የቆርቆሮ ሳጥን፣ ቀይ ቀለም የተቀባ። ስምንት ስምንት አምፖል። በዚያ ላይ ያዜማል! ሲቀላ ሰፈር ራዲዮ ጠጋኝ ስለሆነ ድምፅ ማጉያ አያጣም። ወጣቱ ሁሉ እሱ ላይ ተረባርቧል።

«ኢንጂነሯ፣ ያንቺ እኮ ፋኖስ ነው» አለኝ። «ጋዝ ጨምሪበት።»

ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፤ ምን ላድርግ?

የኮሚቴው ሰብሳቢ ጓድ ፍቅሬ ቅዳሜ አንዱን እንመርጣለን ብሏል። የተመረጠውን የእንጨትና ብረታ ብረት ማኅበሩ ለአውራጃው ቀበሌዎች ሁሉ ያመርተዋል፤ ሠሪውም እዚያው ይቀጠራል። ካልተመረጥኩ ምደባዬ ጂንካ ነው። መጋዘን ውስጥ ጆንያ መመዝገብ። ለዚህ ነው ሦስት ዓመት ሽቦ ስበጥስ የኖርኩት?

ማክሰኞ፣ ኅዳር 7

ዛሬ የሠራሁት፦
አምፖሎቹን አሥር አሥር አደረግሁ (በለጥኩት!)።
የከረሜላ ልጣጭ ሸፍኜባቸው ቀይና አረንጓዴ ሆኑ።
ሳጥኑን ቫርኒሽ ቀባሁ። እጄም ተቀባ።

እየዘለልኩ ወስጄ አስቀመጥኩት። ግማሽ ሰዓት ተጫወቱ፤ ከዚያ ተበተኑ። የሚገርመው የደረጀም ባዶውን ያዜማል። አንዱ ጎረምሳ ዓይኑን ጨፍኖ ሁሉንም አስደወለ፤ ሲሊንደሩን እንደ አቡጊዳ በቃሉ ይዞታል። ከዚያ ሁሉም ወደ ፒንግ ፖንግ ሄደ።

ጸሐይ፣ አውቶቡስ ተራ ቲኬት የምትቆርጠው ጓደኛዬ፣ ቁጭ ብላ ስታየኝ ነበር።

«ልንገርሽ?»

«አትንገሪኝ።»

«ሁለታችሁም አንድ ዘፈን ነው የምትዘፍኑት። የእሱ ጮክ ይላል፤ ያንቺ ያብረቀርቃል። ሰው ግን ዘፈኑ ሰልችቶታል።»

ተናደድኩባት። ቤት እስክደርስ ብቻ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 8

ሦስት አዳዲስ ሲሊንደር ይዤ ሄድኩ። ሁለተኛው ቆንጆ ነበር፤ አምፖሎቹ እንደ ፈረስ ግልቢያ ናቸው። ወረፋ ሆነ! ደረጀ ወረቀት ይዞ ከኋላዬ ቆሞ ነበር። የቆርቆሮውን ቁራጮች እየቆጠረ መሆኑን አላወቅሁም። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ የእኔው ጨዋታ በእሱ ሳጥን፣ ከነዜማው።

«ይሄ ሌብነት ነው!» አልኩት።

«ቆርቆሮ መቁጠር ነው እህቴ። ያንቺ ነው የሚል ጽሑፍ አላየሁበትም።»

እውነቱን ነው። አንድ ዓይነት ጨዋታ ከሆነ ሰው የተሻለውን ሳጥን ይመርጣል፤ የተሻለው ሳጥን ደግሞ የእሱ ነው። (እዚህ ብቻ ነው የምጽፈው። ለጸሐይ አልነግራትም።) አምፖል ብጨምር ይጨምራል። የሚያስፈልገኝ የእሱ ሳጥን የማይውጠው ጨዋታ ነው። ከየት ይመጣል? ሁለት ቀን ቀረኝ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 9

አዳራሹን ማየት ስላስጠላኝ እማዬን ተከትዬ ዶርዜ ወጣሁ። የፈተለችውን ለአጎቷ ለጋሽ ኦርካይዶ ልታደርስ ነበር። ቤተ ክርስቲያናችን ከታሸገ ወዲህ መዝሙሯን በአፍንጫዋ ነው የምታንጎራጉረው፤ መኪናው ዳገቱን እስኪጨርስ እሷም አላቆመች።

ጋሽ ኦርካይዶ ከሽመናው ጉድጓድ አፍ ላይ ተቀምጦ፣ እግሮቹን ወደ ታች ልኮ ይሠራል። ከልጅነቴ ጀምሮ አይቼዋለሁ፤ ዛሬ ግን እግሩን አየሁ። ከላይ የሚወርዱትን ገመዶች በአውራ ጣቱና በቀጣዩ ጣት መሃል ነክሶ ይዟቸዋል። ግራ ሲወርድ ድሩ ይከፈታል፣ እጁ መወርወሪያውን ይወረውራል። ቀኝ፣ ውርወራ። ግራ፣ ውርወራ። ጥለቱ ጋ ሲደርስ ምቱ ይለወጣል፤ እግሩ ሁለቴ፣ እጁ አንዴ፣ ከዚያ ቆም፣ ከዚያ ደግሞ ቶሎ ቶሎ።

«አንተ የምን እግር ታያለህ?» አለኝ። በአማርኛው ወንድና ሴት አይለይም፤ እኔንም እማዬንም «አንተ» ነው የሚለን፤ ለምደነዋል።

«ጋሼ፣ ይህን በቃልህ ነው የያዝከው?»

«እኔ አልያዝኩም። እግሩ ነው የያዘው። እኔ ከሰው ጋር አወራለሁ፣ እሱ ይሠራል።»

ይሄንንማ የደረጀ ሳጥን አይውጠውም! ሲሠራ አጠገቡ ተንበርክኬ በደብተሬ ላይ ግራ ቀኝ፣ ግራ ግራ ቀኝ እያልኩ ጻፍኩ። አምስት ገጽ። እማዬ «ልጅቷ ነካት» አለች።

አርብ፣ ኅዳር 10

ከሳጥኑ ሥር አራት ገመድ አወረድኩ፤ ለአንድ ተጫዋች ሁለት፣ እያንዳንዱ ከመገናኛ ሽቦ ጋር። እጅ ከላይ ቁልፉን፣ እግር ከታች ገመዱን፤ ሁለቱ ካልገጠሙ ደወል የለም። ሲሊንደሩ የጋሽ ኦርካይዶ ጥለት ነው።

ሞከርኩት። ዝም! ሽቦ ፈታሁ፣ ባትሪ ቀየርኩ፣ አለቀስኩ ማለት ይቻላል። ለካ ጫማ አድርጌ የገመዱን ጫፍ እየረገጥኩ ነበር፤ ገመዱ ሳይሳብ ሽቦው እንዴት ይገናኝ? የተመረቀ ሰው! ጉድጓዱ አፍ ላይ ሰዓታት ተንበርክኬ የእግሩን ምት ጻፍኩ እንጂ ባዶ እግሩን ለምን እንደሚሠራ አልጠየቅሁም። ጫማዬን አውልቄ ገመዱን በጣቴ ያዝኩት። ደወል!

እማዬም ሞከረች። ሦስት ደወል። በሳቅ እንባዋ ወረደ።

ስጋት፦ አዳራሽ ውስጥ ማን ጫማውን ያወልቅልኛል?

ቅዳሜ፣ ኅዳር 11

አሸነፍኩ! አሸነፍኩ! ከመጀመሪያው ልጻፈው።

ጓድ ፍቅሬ ገመዶቹን አየና ፊቱ ጠቆረ። «ጫማ ማውለቅ? በመዝናኛ አዳራሽ?»

«ጓድ ሰብሳቢ፣ አንዴ ብቻ።»

አወለቀ። ካልሲው በአውራ ጣቱ በኩል ቀዳዳ ነው። ጓድ ነው፣ ማን ይስቃል? ጸሐይ «ቀዳዳዋ ለገመዱ ናት» አለች። መጀመሪያ የሳቀው እሱ ራሱ ነው። ተጫወተ፤ አንድ ደወል ብቻ። «እንደገና!» አለ። አሁንም አንድ። አልነሳም ሲል ጎትተን አስነሳነው።

ገበያ ስለነበር ጋቢ ሊሸጡ የወረዱ የዶርዜ ሸማኔዎች ጫጫታውን ሰምተው ገቡ። አንዱ ወጣት ሲሊንደሩን ትንሽ አዳመጠና «ይሄ እኮ የኛ ሥራ ነው» አለ። የቀበሌያችንን አጥቂ ገጠመው፤ ኳሱ ላይ የሚኮራበትን። አሥራ ዘጠኝ ለሁለት! አጥቂው እግሩን እንደ ከዳው ሰው ያየው ነበር። ወረፋው እስከ መንገድ ደረሰ፤ በሩ ላይ የጫማ ክምር።

የደረጀ ማሽን ጥግ ላይ ለብቻው ያዜማል። መጥቶ አጠገቤ ቆመ። ቆርቆሮውን መቁጠር ይችላል፤ ሳጥኑ ግን የእግር ቦታ የለውም፤ ሊያስገባ ቢል ሁሉን ሊፈታው ነው።

«ሲሊንደሩን ስጪኝና በእኔ ሳጥን እንግጠመው» አለኝ ቀስ ብሎ። «ከነዜማው። አብረን እንውሰደው።»

እሺ ልለው ትንሽ ቀረኝ። ሳጥኑ እኮ ጥሩ ነው።

«ሰው የተሰለፈው ለየትኛው ሳጥን ነው?» አልኩት።

ወረፋውን አየ። ጫማውን አውልቆ መጨረሻው ላይ ተሰለፈ። ይህን ማንም ባያምነኝ አይገርመኝም።

ኮሚቴው ተማክሮ ሳይጨርስ ጓድ ፍቅሬ «የእሷ ነው፣ የእሷ ነው» እያለ ወጣ። ሰኞ ማኅበሩ ዘንድ እቀርባለሁ። ጂንካ ቀረ!

እሑድ፣ ኅዳር 12

ጠዋት እማዬ ቀሰቀሰችኝ። «ሰዎች መጥተዋል።»

በራፋችን ላይ ሦስት ሸማኔዎች። አንደኛው ከጨንቻ ነው፤ ተቆጥቷል። «የዶርዜውን ብቻ አደረግሽ። የኛ እግር እንደዚያ አይረግጥም።» አጎንብሶ ጫማውን አወለቀና መሬቱን እየመታ አሳየኝ። ሁለተኛው «ይሄማ ለልጆች ነው» ብሎ የራሱን ጀመረ። ሦስተኛው ተራውን እየጠበቀ ይስቃል።

ደብተሬን ይዤ ወጣሁ። ዘጠኝ ገጽ ሞላ።

የቆርቆሮ ቁራጭ የለኝም። ክብ እንጨቱም አልቋል። ማኅበሩ ነገ ምን እንደሚለኝ፣ ስንት እንዲሠራ እንደሚፈልግ፣ ይህ ሁሉ ጨዋታ መቼ እንደሚያልቅልኝ አላውቅም። እማዬ ደግሞ ከውጭ እየጠራችኝ ነው፤ ከገረሴ የመጣ ሌላ ሸማኔ አለ።