ጋቢ የለበሰው ብልቃጥ

ማክሰኞ

መጀመሪያ ይህ ይታወቅ፤ ብርሃን ኤሌክትሮን አይፈጥርም፤ ከተቀመጠበት ያስነሣዋል እንጂ። ይህን ላልተረዳ ሰው ቢጫው ዱቄት ማታለያ ይመስለዋል። ዱቄቱንና ሰማያዊውን ቀለም የላከችልኝ የቀድሞ ተማሪዬ ሰብለ ናት፤ ዩኒቨርሲቲ ትመራመራለች። "ፖሊመር ነው፣ የፕላስቲክ ዘመድ፤ ፀሐይ ሲያገኘው ቀለም ያጠፋል" ብላ ጽፋለች።

የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር ከጡረታ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ የማስተምርበትን ክፍል ለሲሚንቶ ማስቀመጫ ፈልጎታል። "ጋሼ፣ ጡረታ እኮ ዕረፍት ነው" አለኝ። ዓርብ ና አልሁት። ቀለሙ በፀሐይ ካልጠፋ የክፍሉን ቁልፍ አስረክባለሁ።

ረቡዕ

ቀለሙን ብልቃጥ ውስጥ በውኃ በጠበጥሁ፤ ዱቄቱን ጨመርሁ፤ ብልቃጡን ግቢ ውስጥ ፀሐይ ላይ ትቼ ወጣሁ። ማታ ያው ሰማያዊ። ልኩን ደግሜ ፈተሽሁ። ስሕተት የለም። ተናደድሁ።

ሐሙስ

ስሕተቱ ተገኘ። ጧት ባለቤቴ አለሚቱ ብልቃጡን በጋቢዬ ስትሸፍን ደረስሁባት። ትናንትም ሸፍናው ውላለች! ማታ ያለበሰችኝ ጋቢ ለካ ለዚህ ነው የሞቀው።

"መድኃኒት ተገልጦ ይውላል እንዴ? ዓይን ይበላዋል" አለችኝ።

ጮኽሁባት። ከዚያ ግን ቆም ብዬ አሰብሁና የተሸፈነውን እንዳለ ተውሁት። ያው ቀለም ያለባቸው ሌሎች ሁለት ብልቃጦች ፀሐይ ላይ አኖርሁ፤ አንዱ ዱቄት ያለው፣ አንዱ የሌለው። ይህን ከመጀመሪያው ማድረግ ነበረብኝ።

"ጋቢህንስ?" አለች። በብርድ አድራለሁ አልኋት።

ዓርብ

ርዕሰ መምህሩ ከገበያ መልስ መጣ። ዱቄት ያለው ጠርቷል።

"ፀሐይማ የእኔንም ኮት አደብዝዛዋለች" ብሎ ሳቀ። ዱቄት የሌለውን አሳየሁት፤ ትንሽ ፈዘዘ እንጂ ሰማያዊ ነው።

"እንግዲያ ዱቄቱ ነዋ!" ጋቢውን ገለጥሁለት። ዱቄት አለው፣ ግን ሰማያዊ ነው። ጎንበስ ብሎ ሦስቱን አስተያየ።

አለሚቱ ከበሩ ሆና፣ "ሸፍኜ ባልጠብቅልህ ምን ይውጥህ ነበር!"

አስረዳሁት። በብርሃን የተነሣ ኤሌክትሮን ለጎረቤት ጉልበት ሊያበድር ወንፈል እንደ ወጣ ሰው ነው። የሚቀበለው ካጣ ወዲያው ይመለሳል፤ ጉልበቱም ሙቀት ሆኖ ይባክናል። ተቀባይ ካገኘ ይሻገራል፤ ትቶት የሄደው ባዶ ቦታም ከአጠገቡ ካለው ቀለም ኤሌክትሮን ይነጥቃል። ቀለሙ የሚፈርሰው በዚህ መካከል ነው።

"ተቀባዩ ማነው?"

"በውኃው የሟሟው ኦክስጅን።"

"በምን ያውቃሉ?"

ልክ ነው፤ ይህን አላሳየሁትም። ስለ ክፍሉ እስከ ሰኞ ላስብበት ብሎ ሄደ። ያስብ። ቁልፉ ኪሴ ውስጥ ነው፤ ለሲሚንቶ አልሰጥም።

ሰብለ፣ ይህን ገጽ ፎቶ አንስቼ እልክልሻለሁ። ያለ ኦክስጅን ቀለሙ ካልጠፋ ተቀባዩ እሱ መሆኑ ይታያል፤ ኦክስጅኑን ለማስወጣት ውኃውን ማፍላት ይበቃል? ወይስ ሌላ መላ አለሽ? ሰኞ ሳይደርስ መልሽልኝ።