ከጸደቀ በኋላ ያነበብኋት ወረቀት

ለውድ ወንድሜ ለአንዷለም፤ ይህች ደብዳቤ ያለህበት መተሐራ ድረስ በሰላም ትግባልህ። እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው አደረሰህ።

ጤናህ እንደምን ከርሟል? ያ የቆላ ሙቀትና የሸንኮራ ቆረጣው እንዴት አድርጎሃል? ወባውስ ለቀቀህ? ባለፈው ትኩሳት ይዞኝ ነበር ብለህ ጽፈህ ነበርና ሐሳቡ ከቤታችን አልወጣም። እኛ የፈጣሪ ቸርነት አልተለየንም፤ አለን። እምዬ ጉልበቴን ከማለት በቀር ደኅና ናት። እመቤትም ልጆቹም ደኅና ናቸው። በልጉ ዘንድሮ ደግ ነው፤ ውርጩም እስካሁን ምሮናል።

ሰላምታውን የማረዝመው ወደ ጉዳዩ ለመግባት ፈርቼ እንደሆነ ሳታውቅ አትቀርም። እንግዲህ ልንገርህ፤ መሬት አልደረሰህም። ያስቀረብህም ሌላ ሰው አይደለም፤ እኔ ነኝ። ከሌላ አፍ እንድትሰማው አልፈልግምና ነገሩን ከመጀመሪያው ልጻፍልህ።

በዚህ ዓመት መሬት እንደ አዲስ ሲደለደል ቀበሌው ሰባት ሰው ያለበት የድልድል ኮሚቴ አቋቁሞ እኔን ጸሐፊ አደረገኝ። መሬት የሚደርሳቸውን ሰዎች ስም በሪፖርት ጽፈን፣ ፈርመን፣ ለጠቅላላ ጉባኤው ማቅረብ ነበረብን። ከአገር የወጣ ወጣት ተመልሼ አርሳለሁ ካላለ አይመዘገብም ተባለ። ያንተን መልስ ጠበቅን፤ አልመጣም፤ ሪፖርቱ ተፈረመ። በሦስተኛው ቀን ጎረቤታችን ተገኘ ከዘመሮ ገበያ ሲመለስ ደብዳቤህን ይዞልን መጣ። መሬት ከደረሰኝ ሰኔ ሳይገባ እመጣለሁ፣ ከእንግዲህ የሰው አገዳ አልቆርጥም የሚለውን ለእምዬ ሦስት ጊዜ አነበብሁላት።

በተፈረመ ሪፖርት ላይ ስም መጨመር ደግሞ ቀላል ነገር አይደለም። ዐምና በማዳበሪያው ዝርዝር ከፊርማው በላይ በቀረች ክፍት መስመር ማንም ያልመዘገባቸው ስሞች ገብተው አገር ተጣልቶ ነበር። ስለዚህ ኮሚቴያችን ዘግይቶ የመጣ ነገር ሁሉ በሌላ ወረቀት ለብቻው ተጽፎ፣ አባላቱ ፈርመውበት፣ ሪፖርቱ ከመጽደቁ በፊት ለጉባኤው ተነብቦ ይወሰን ብሏል። ይህን ውሳኔ ቃለ ጉባኤው ላይ ያሰፈርሁት እኔው ነኝ። እምዬ በዚያ ጉልበቷ የአባላቱን ደጅ አንድ በአንድ ዞረች። የሚካኤል ዕለት ከቅዳሴ ሲወጡ ተሰበሰቡልንና አምስቱ ፈረሙ፤ አምስት ይበቃል። ስምህ በአንዲት ወረቀት ላይ ብቻውን ተጻፈ። እምዬ ፊደል ባትቆጥርም የቱ ጋ እንደሆነ አሳየኝ ብላ በጣቷ ነካችው።

ጉባኤው መጋቢት ማርያም እሑድ ውላ ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ባለው ሜዳ ተቀመጠ። ሪፖርቱን ቆሜ አነበብሁ። ያንተ ወረቀት ከሥሩ ነበረች። ሊቀመንበሩ አቶ በዕውቀቱ እንደ ደንቡ፣ ከመጽደቁ በፊት ከኮሚቴው በኩል የሚጨመር አለ ወይ ብሎ ወደ እኔ ዞረ። ያን ጊዜ አባይነህ፣ ነገረኛነቱን ታውቀዋለህ፣ ከኋላ ሆኖ፣ ጸሐፊው ዘመዶቹን አስገብቶ ከጨረሰ ይጽደቅ አለ። ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔ አንድም ዘመድ አላስገባሁም ነበር፤ ግን አሁን የወንድሜን ስም ባነሣ ሰው ምን ይለኛል አልሁ። ሰዉ ቀዝቀዝ ሲል፣ በመጨረሻ ልዩ ልዩ ጉዳዮች ላይ አነሣዋለሁ ብዬ "የለም" አልሁ። እጅ ወጣ፤ ጸደቀ።

ከዚያ ተነሥቼ ወረቀቷን አነበብኋት። አቶ በዕውቀቱ ክፉ ሰው አይደለም። እያዘነ፣ ዝርዝሩ ጸድቋል፤ በጸደቀ ላይ አንድ ብንጨምር ነገ ሃያ ሰው ይመጣል፤ ደንቡን የጻፍኸው አንተው ነህ አለኝ። በእሱ ቦታ ብሆን እኔም ያንኑ እል ነበር። ቢሆንም ድምፄ እስኪዘጋ ለመንሁ። በማግሥቱ መሬቱን ለመለካት ገመድ ሲጣል አባታችን ሲያርሳት የኖረችው፣ የአንዷለም ናት ስንላት የነበረችው ከቤታችን በታች ያለችው የገብስ ማሳ ለዓምደ ሚካኤልና ለአዲሷ ሚስቱ ደረሰች። ምስኪኖች ናቸው፤ ልጠላቸው ሞክሬ አልሆነልኝም። ችካሉ ሲተከል ስማቸውን ጠርቼ የመዘገብሁ እኔ ነኝ።

በሳምንቱ ወረዳ ድረስ ሄጄ አቤት አልሁ። የተቀበለኝ ሰው ቃለ ጉባኤውን አገላብጦ፣ የሚጨመር አለ ሲባል የለም ተብሏል፤ የለም ያለው ማነው ብሎ ጠየቀኝ። እኔ ነኝ አልሁና ወረቀቴን ሰብስቤ ወጣሁ።

ከሁሉ አንጀቴን የሚበላው ግን የእምዬ ነገር ነው። ከሴቶቹ ጋር ራቅ ብላ ተቀምጣ ስለነበር የለም ማለቴን አልሰማችም። ያየችው ወረቀቷን ይዤ ስለምን ነው። ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ትመርቀኛለች፤ ለጎረቤቱም ልጄ ለወንድሙ ሲል ከአገር ተጣላ እያለች ታወራለች። ልነግራት ስንት ጊዜ አፌን ከፍቼ መለስሁት። አንተ ግን እወቀው። ከእኔ ድርሻ አብረን እንረስ እንዳልልህ ለአምስት ነፍስ እንኳ የማትበቃ ናት። ብትመጣ ቤቱ ቤትህ ነው፤ ይቅር በለኝ ለማለት ግን ፊት የለኝም።

እመቤት እጅግ አድርጋ ሰላም ብላሃለች፤ ራስህን ጠብቅ ትልሃለች። ወሰኔ አራተኛ ክፍል ገብታለች፤ አጎቴን ሳሙልኝ ብላለች። ትንሹ ሚካኤል መልክህን ረስቶታል፤ ስምህን ግን ይጠራል። ተገኘም ሰላም ይልሃል።

እምዬ አሁን አጠገቤ ተቀምጣ ጻፍልኝ ትለኛለች። እንቢ ማለት አልቻልሁም፤ ቃሏን እንዳለ አስፍሬዋለሁ፦ "አንዱዬ፣ መሬቱ ቢቀር ይቅር፤ አንተ ሰላም ሁንልኝ። ወንድምህ ላንተ ሲል ያልሆነው የለም፤ እንዳትቀየመው። መልስ ስትጽፍም ከእኔ በፊት እሱን አመስግንልኝ።"

ወንድምህ ይታየው
መንዝ፣ ዘመሮ አጠገብ
ሚያዝያ 27 ቀን 1989 ዓ.ም.